ላፕቶፑ ከአፕዴት በኋላ አልነሣ ካለ፣ «ፎርማት» ከማለታችሁ በፊት

ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አካባቢ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለችኝ። ጠዋት ስመጣ በሩ ላይ ላፕቶፕ አቅፎ የሚጠብቀኝ ሰው ካለ፣ ቀኑም የፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ማግስት ከሆነ፣ ችግሩን ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። ማይክሮሶፍት የየወሩን ዋና የዊንዶውስ አፕዴት የሚለቀው በዚያች ማክሰኞ ነው። በእኛ አቆጣጠር ማታ 2 ሰዓት ላይ ይወጣል፤ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ 3 ሰዓት ይሆናል። እኛ እራት ላይ ሆነን ላፕቶፑ ማውረድ ይጀምራል። ሌሊት መብራት ይሄዳል። ጠዋት ሰማያዊ ስክሪን።

አንድ ሰኔ፣ ተማሪው ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፉን በሚያስገባበት ሰሞን፣ አንዲት ልጅ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ በናትህ ቶሎ ፎርማት አድርግልኝ። ነገ ለአማካሪዬ የማስገባው አለኝ።»

«የምታስገቢው የት ነው ያለው?»

«ዲ ላይ ነው መሰለኝ።»

መሰለኝ! ጽሑፉ ዴስክቶፕ ላይ ነበር። ሲ ላይ፣ ዊንዶውሱ ራሱ በሚቀመጥበት የዲስክ ክፍል ማለት ነው። ፎርማት ባደርገው፣ ማለትም ያን ክፍል ጠርጌ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ብጭንበት፣ የወራት ሥራዋ አብሮ ይሄድ ነበር። ሌሊት የገባውን አፕዴት አወጣሁላት፤ ላፕቶፑ ተነሣ። ሃያ ደቂቃም አልፈጀ።

ኮምፒውተሩ አልነሣ አለ ማለት ፋይሉ ጠፋ ማለት አይደለም። በሩ ተቆለፈ እንጂ ዕቃው አልተሰረቀም። ግን በከተማችን «ፎርማት ይደረግ» እንደ ራስ ምታት ክኒን ለሁሉም ይታዘዛል። እኔም በጀማሪነቴ እንደዚያው ነበርኩ። የአንድ ሰውዬን ኮምፒውተር ሳልጠይቅ ፎርማት አድርጌ የሠርጉን ፎቶ ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁበት። ሰውዬው አልጮኸም። «እሺ፣ ይሁን» ብሎ ኮምፒውተሩን ይዞ ሄደ። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ጊዮርጊስ ጋ ካየሁት መንገድ እቀይራለሁ።

ከዚህ በታች የምጽፈው እኔ ራሴ የምሄድበትን ቅደም ተከተል ነው። ለዊንዶውስ 10 እና 11 ይሠራል። ፋይል የማይነካው ይቀድማል፤ አደገኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለዚህ አትዝለሉ። ስክሪኑ ላይ የሚታዩት ቃላት እንግሊዝኛ ናቸው፤ እኔ እንደሚነበቡ እጽፋቸዋለሁ።

መጀመሪያ ቡና አፍሉ

የዘጌ ቡና ካላችሁ ደግሞ ጥሩ። ቀልዴን አይደለም። ከሚመጡልኝ «የተበላሹ» ላፕቶፖች ውስጥ ስንቶቹ ሥራቸውን ያልጨረሱ ነበሩ መሰላችሁ። አፕዴቱ 30 በመቶ ላይ ቆሞ ሲያዩት ሰዎች ይደነግጡና ያጠፉታል። የሚያበላሸው ያኔ ነው። አሮጌው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ አንድ ቁጥር ላይ ረጅም ጊዜ ሊቆም ይችላል። የእኔ ልክ እንዲህ ነው፦ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ) ከሆነ አንድ ሰዓት፣ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ከሆነ እስከ ሦስት ሰዓት እታገሠዋለሁ። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ እየሠራ ነው፤ አትንኩት።

«አንዱዊንግ ቼንጅስ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። ዊንዶውስ አልሆነልኝም ብሎ ራሱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ቻርጀሩ ይሰካ። መብራት ከሌለና ባትሪው እያለቀ ከሆነ፣ ሳታጠፉት በባጃጅም ቢሆን ጀነሬተር ያለው ቦታ ውሰዱት። አንዴ ሁለት ወንድማማቾች ክፍት ላፕቶፕ በሁለት እጅ ይዘው፣ እንደ ታቦት እየተጠነቀቁ ገብተውብኛል። ከጣና ውኃ የሚጠጣው የበለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን መብራት መሄዱ ግን አልቀረም። ነፋሱና መብረቁ መሥመሩን አይምሩትም። ክረምት ላይ ደግሞ አታንሱት።

የተሰካውን ሁሉ ንቀሉ

ጠብቃችሁ ለውጥ ከሌለ፣ የማብሪያ ቁልፉን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጫኑና አጥፉት። ከዚያ ፍላሹን፣ ፕሪንተሩን፣ ሚሞሪ ካርዱን፣ የውጭ ሃርድ ዲስኩን፣ የማውሱን ገመድ ሳይቀር ንቀሉ። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከሆነ ከኪቦርድና ከስክሪን በቀር ምንም አይቅር። አሁን አብሩት። አንዳንዱ ኮምፒውተር ከፍላሹ ለመነሣት እየሞከረ ነው የሚቆመው። ለዚህ ገንዘብ መቀበል ስለሚያሳፍረኝ በነጻ እሸኛቸዋለሁ።

ዊንዶውስ ተነሥቶ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የማውስ ቀስት ብቻ ከታየ፣ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ቢ ፊደልን አንድ ላይ ተጫኑ። ይህ የስክሪኑን ድራይቨር (ዊንዶውስን ከስክሪኑ ጋር የሚያግባባውን ትንሽ ፕሮግራም) እንደ አዲስ ያስነሣዋል። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ከተመለሰ ችግሩ የግራፊክስ ድራይቨሩ ነው፤ ዊንዶውስ ራሱ ደኅና ነው።

ወደ ሰማያዊው ሜኑ መግባት

ዊንዶውስ ውስጥ የተደበቀ የጥገና ክፍል አለ። ሰው የማያውቀው ይህን ነው። እስከ ፓስዎርድ ማስገቢያው ድረስ የሚመጣ ከሆነ ቀላል ነው፦ ሺፍትን እንደያዛችሁ በስክሪኑ ላይ ካለው የማጥፊያ ምልክት «ሪስታርት» የሚለውን ንኩ።

እዚያ የማይደርስ ከሆነ በግድ ማስገባት ይቻላል። አብሩት፤ አርማው ወይም የሚሽከረከሩት ነጥቦች ብቅ ሲሉ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ እስኪጠፋ ያዙት። እንደገና እንዲሁ። በሦስተኛው ላይ ተዉት። «ፕሪፔሪንግ አውቶማቲክ ሪፔር» ብሎ ይመጣል፣ ከዚያ ሰማያዊው ሜኑ ይከፈታል። ይህን ዘዴ ግን አፕዴት በመቶኛ እየቆጠረ ባለበት ሰዓት እንዳትሞክሩት። እሱን የሚመለከተው ከላይ ያለው የቡናው ምክር ነው።

እዚህ ላይ ኪቦርዱና ማውሱ አልሠራ ካሉ በእናንተ አልተጀመረም። በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 11 አፕዴት በዚህ የጥገና ክፍል ውስጥ በዩኤስቢ የሚሰኩ ኪቦርዶችንና ማውሶችን ከሥራ ውጪ አድርጎ ነበር። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 10 ማስተካከያ ለቀቀ። ያን ሰሞን ከሱቄ ጥግ አቧራ የጠጣውን፣ ባለክብ መሰኪያውን የድሮ ኪቦርድ አወጣሁት። ሚስቴ ስንቴ ጣለው ብላኛለች። የላፕቶፕ የራሱ ኪቦርድም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ ታች ላይ ባሉት ቀስቶችና በኢንተር መሄድ ነው።

ዋናው ሥራ፦ አፕዴቱን ማውጣት

ሜኑው ሲመጣ «ትራብልሹት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» በሉ። እዚያ ውስጥ ብዙ ምርጫ አለ። «ስታርታፕ ሪፔር» የሚለውን አንድ ጊዜ ሞክሩት። አንድ ጊዜ ብቻ። ካልቻለ አሥር ጊዜ ብትደጋግሙትም አይችልም።

ከዚያ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» ውስጥ ግቡ። ሁለት ምርጫ ታገኛላችሁ። «ኳሊቲ አፕዴት» የሚለው የየወሩ ትንሹ ነው። «ፊቸር አፕዴት» የሚለው ዊንዶውሱን ወደ አዲስ ስሪት የሚያሻግረው ትልቁ ነው። ችግሩ ትናንት ማታ ወይም በዚህ ሳምንት የጀመረ ከሆነ መጀመሪያ ኳሊቲውን አውጡ። ዊንዶውሱ በቅርቡ መልኩ የተቀየረ፣ ሌላ ስሪት የገባ ከሆነ ግን ተጠርጣሪው ፊቸሩ ነው። እሱን የማውጫው ጊዜ 10 ቀን ነው። ካለፈ የድሮው ዊንዶውስ ፋይል ስለሚጠረግ መመለሻ የለም። «ቆይ ቅዳሜ አሳየዋለሁ» እያላችሁ ሁለት ሳምንት አታሳልፉ።

ማውጣቱ ፋይላችሁን አይነካም። ሲጨርስ «ኮንቲንዩ» ብላችሁ አስነሡት። ከሚመጡልኝ ውስጥ ብዙዎቹ እዚህች ላይ ያበቃሉ፤ ባለቤቱ ግን አያምነኝም። «ፎርማት ሳታደርገው?» ይለኛል፣ እንዳታለልኩት ሁሉ።

አርባ ስምንት ቁጥር ቢጠይቃችሁ

አንዳንዴ ከሜኑው በፊት ወይም መሐል ላይ «ቢትሎከር ሪከቨሪ» የሚል ስክሪን ይመጣና 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል። ሰዎች ቫይረስ ወይም ሌባ ይመስላቸዋል። አይደለም። ቢትሎከር ዲስኩን የሚቆልፍ የዊንዶውስ መከላከያ ነው፤ አፕዴት ሲነካካው ይጠራጠርና ባለቤትነታችሁን ይጠይቃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የወጣው አፕዴት ይህን ስክሪን ብዙ ሰው ላይ አምጥቶ ነበር።

በስልካችሁ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ግቡ፤ «ዲቫይስስ» ውስጥ ላፕቶፑን ስታገኙ የቢትሎከር ቁልፎቹ አብረው ይታያሉ። ስክሪኑ ላይ ያለው የቁልፍ መለያ አካውንቱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን አይታችሁ 48ቱን አስገቡ።

የእኛ አገር ጣጣ ሌላ ነው። ላፕቶፑን ስትገዙ ሻጩ ልጅ በራሱ ኢሜይል ከፍቶ «ጨርሻለሁ» ብሎ ሰጥቷችሁ ከሆነ፣ ቁልፉ ያለው እሱ አካውንት ውስጥ ነው። ደውሉለት። የቢሮ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን አይቲ ጠይቁ። ቁልፉ ከየትም ካልተገኘ ፋይሉን ማንም ሊከፍተው አይችልም፤ «እኔ እሰብረዋለሁ» የሚላችሁ ባለሙያ ካለ ላፕቶፑን ይዛችሁ ውጡ። አሁን ላፕቶፓችሁ ደኅና የሆነ ሁላችሁ፣ ዛሬውኑ ያን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ግን አታስቀምጡት።

አፕዴቱን ማውጣት ካልሠራ

እዚያው አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ «ስታርታፕ ሴቲንግስ» ብላችሁ ሪስታርት ስታደርጉ ቁጥር የያዘ ዝርዝር ይመጣል። 4ን ስትጫኑ ሴፍ ሞድ ነው፤ 5 ኢንተርኔት ያለው ሴፍ ሞድ ነው። ሴፍ ሞድ ዊንዶውስን ለነፍስ በሚበቃው ብቻ ያስነሣዋል። በዚያ ከተነሣ ጥፋተኛው ተጨማሪ ነገር ነው፤ ድራይቨር ወይም አንቲ ቫይረስ። በቅርብ የገባውን አውጡና በደንቡ አስነሡት።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች በሰማያዊ ስክሪን የቆሙት በዊንዶውስ አፕዴት አልነበረም። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ድርጅት የለቀቀው የተበላሸ ፋይል ነው ያቆማቸው። ኤርፖርት ሳይቀር ቆሟል። መፍትሔው ምን ነበር? ሴፍ ሞድ ገብቶ ያንን ፋይል መሰረዝ።

ሴፍ ሞድም ካልሆነ እዚያው አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ «ሲስተም ሪስቶር» አለ። ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ያለ ቀን ምረጡ። ፋይል አይነካም፤ ከዚያ ቀን በኋላ የጫናችሁት ፕሮግራም ግን ይወጣል። አንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ቀድሞ ስላልተከፈተ ምንም ቀን አይኖርም። ያኔ እለፉት።

ከዚህ በላይ ከመሄዳችሁ በፊት ፋይሉን አውጡ

ይህችን ከሁሉም እወዳታለሁ። ዊንዶውስ ሳይነሣ ፋይል መቅዳት ይቻላል፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም። በቂ ቦታ ያለው ፍላሽ ወይም የውጭ ዲስክ ሰኩ። በአድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ «ኮማንድ ፕሮምፕት» የሚለውን ክፈቱ። ጥቁር መስኮት ይመጣል። በእንግሊዝኛ ፊደል ኖትፓድ ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ያቺ የምታውቋት ትንሽ መጻፊያ ትከፈታለች።

አሁን ከላይ «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕን»። የሚከፈተው መስኮት ፋይል መምረጫ ይምሰል እንጂ ኮፒና ፔስትም ይሠራል። ታች «ቴክስት ዶክዩመንትስ» የሚለውን ወደ «ኦል ፋይልስ» ቀይሩት፤ አለበለዚያ ፎልደሩ ባዶ ይመስላችሁና ትደነግጣላችሁ። «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ግቡ። የዲስኮቹ ፊደል እዚህ ሊቀያየር ይችላል፤ ሲ የነበረው ዲ ሆኖ ብታገኙት አይግረማችሁ። ዊንዶውስ ያለበትን ፈልጉ፣ «ዩዘርስ» ውስጥ ስማችሁን፣ ከዚያ ዴስክቶፕና ዶክዩመንትስን። ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ኮፒ አድርጉ፣ ፍላሹ ላይ ፔስት። ምን ያህል እንደቀረው የሚያሳይ መስመር ስለማይመጣ ቆሟል ብላችሁ አትዝጉት። ዳውንሎድስን አትርሱ፤ ሰው ግማሽ ኑሮው እዚያ ነው።

ስትቀዱ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም አንድ ፋይል ላይ ደጋግሞ ከቆመ፣ ጥፋቱ የአፕዴቱ ላይሆን ይችላል። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነው። በጣም የሚያስፈልጋችሁን አስቀድማችሁ ቅዱና አጥፉት፤ ከዚያ ወደ ባለሙያ።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ ልብ ይረጋጋል። አሁን «ትራብልሹት» ውስጥ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ማለት ትችላላችሁ። «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የሚለውን ምረጡ። ቀጥሎ «ክላውድ ዳውንሎድ» እና «ሎካል ሪኢንስቶል» ይመጣል። ክላውዱ ከ4 ጊጋባይት በላይ ዳታ ሊበላ ይችላል፤ በስልክ ዳታ ከሆናችሁ ሎካሉን ውሰዱ። ፕሮግራሞቻችሁ ሁሉ ይጠፋሉ። በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በድሮው ፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነገር ካላችሁ ፎንቱን መልሳችሁ እስክትጭኑ ድረስ ጽሑፉ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ይታያል። አልተበላሸም። ፎንቱን ጫኑት፣ አማርኛው ይመለሳል።

በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የምትጠቀሙ ጥቂቶች፣ የእናንተ አጭር ነው፦ ሲነሣ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ተጫኑ፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ ፎር ኡቡንቱ» ውስጥ ግቡ፣ ከፊተኛው በታች ያለውን የቆየ ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ምረጡ።

ከተነሣ በኋላ

ያወጣችሁት አፕዴት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ እንደተነሣ ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ላይ «ፖዝ» በሉ። እስከ 5 ሳምንት ማቆየት ይቻላል። እስከዚያ ማይክሮሶፍት ስህተቱን አርሞ ይለቃል ብዬ ነው የምጠብቀው። ለዘለዓለም ዝጋልኝ የሚሉኝ አሉ፤ አልዘጋም። አፕዴት ቀዳዳ ይደፍናል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እኮ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለእሱ ችግሩ የሚመጣው አፕዴት ሳይሆን የማይመጣው ነው።

የሚቀጥለውን አፕዴት ሰዓት እናንተ ምረጡለት። እኔ ቅዳሜ ረፋድ አደርገዋለሁ፣ መብራት እያለ፣ ባትሪው ሞልቶ። ሲ ላይ ቢያንስ 20 ጊጋባይት ክፍት ቦታ ይኑር፤ ጢም ብሎ የሞላ ዲስክ ላይ አፕዴት መሐል መንገድ ይቀራል። በስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ ያን ዋይፋይ «ሚተርድ» (ዳታው የሚቆጠር) አድርጉት። ጥቅላችሁም ይተርፋል፣ አብዛኛው አፕዴትም ሳይጠይቃችሁ አይወርድም።

ይህን ሁሉ መሞከር ካልፈለጋችሁና ወደ ጥገና ቤት የምትወስዱት ከሆነ፣ ለእኔም ይሁን ለሌላ፣ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጽፋችሁ ላፕቶፑ ላይ ለጥፉ። መቼ እንደጀመረው። ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚል፤ በስልክ ፎቶ ብታነሡት ደግሞ ይበልጣል። ሦስተኛውን በትልቁ ጻፉት፦ «ሳትደውልልኝ ፎርማት እንዳታደርገው።»